ሕዝብ ቆጠራ ምንድን ነው? ትንበያን ቆጠራ ለሚሉ

«በቅርቡ በተደረገው ቆጠራ መሠረት የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ126 ሚሊዮን አልፏል» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። በቅርቡ የተደረገ ቆጠራ የለም። አገሪቱ በሙያው መለኪያ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ብቻ ነው። የመጨረሻው በግንቦት 1999 ተካሄደ፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ በኅዳር 2000። ያኔ የተገኘው 74 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አገሪቱ ጠቅላላ ሕዝብ የሰማነው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ማሳያ ላቅርብ። ለ2015 ማብቂያ አካባቢ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 126 ሚሊዮን ገደማ ሲል፣ የራሳችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ 107 ሚሊዮን ነበር። በመካከሉ 19 ሚሊዮን ሰው አለ። ሁለቱም ወገን ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ የተለያዩት መነሻቸውና ግምታቸው ስለሚለያይ ነው።

ልጇን ለአያቱ ትታ ዓረብ አገር የሄደች እናት አስቡ። ስትሄድ የልጁን እግር በክር ለክታ ይዛለች። በዓመቱ ጫማ ስትገዛ በክሩ ላይ ትንሽ ጨምራ ትገዛለች፣ ደህና ይሆነዋል። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ። ክሩ ቆጠራ ነው፣ የምትጨምረው ትንበያ ነው። ጭማሪዋ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ታውቃለች። እኛም የምንጨምረው ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን አስልተን ነው። ነገር ግን ያው ክር ሁለት አሥርት ዓመት ሊሞላው ሲል ጫማው ከመለኪያው ይልቅ በግምት የተገዛ ይሆናል። በዚያ ላይ አገር እንደ ብዙ ልጆች እናት ናት፤ አንዱ ታሞ ከርሟል፣ አንዱ ከተማ ገብቷል፣ አንዷ ከቀዬዋ ተፈናቅላለች። ለሁሉም በየክራቸው ላይ በልማዱ መጨመር ወረዳና ቀበሌ ላይ ሲደርስ የሚያስከትለውን በሥራዬ አይቻለሁ። የአንድ ወረዳ የክትባት ሽፋን ከመቶ በመቶ በላይ ሆኖ ሪፖርት ይመጣል። ጤና ባለሙያዎቹ ዋሹ ተብለው ይወቀሳሉ። ብዙ ጊዜ ግን የከተቡት ልጅ በትክክል ተመዝግቧል፤ የተሳሳተው የሚካፈልበት ቁጥር፣ ማለትም በወረዳው አሉ ተብለው የተገመቱት ሕፃናት ብዛት ነው። ግምቱ እንዲህ ከእውነታው ሲያንስ ክትባቱም ከልጆቹ በፊት ሊያልቅ ይችላል።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ፋይዳ መታወቂያ እያለ ቆጠራ ለምን ያስፈልጋል?» ሲሉ ጠይቀዋል። መታወቂያ የሚነግረን ስንት ሰው እንደተመዘገበ ነው። ስንት እንደቀረ መዝገቡ ራሱ ሊነግረን አይችልም። የቆጠራ ሠራተኛ ግን ሰው ወደ እሱ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ቤት ለቤት ይሄዳል፣ ጎዳና ላይ ያደረውንም ይቆጥራል። ማን የት እንደሚኖር ብቻም አይደለም፤ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ቤቱ መጸዳጃ እንዳለው ይጠይቃል።

እኚሁ ሰው «የናሙና ጥናት ይበቃል» ብለውም ነበር። ናሙናው ከምን ላይ ይወጣል? በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን (አገሪቱ ለቆጠራ ስትከፋፈል የሚወጡትን ትንንሽ አካባቢዎች) የመረጠው ለ1999ኙ ቆጠራ ከተዘጋጁት 84,915 ቦታዎች ውስጥ ነው። እርግጥ በተመረጡት ቦታዎች ያሉ ቤተሰቦች ከቃለ መጠይቁ በፊት እንደገና ይመዘገባሉ። ይህ ግን በአሮጌው ዝርዝር ላይ ያልነበረን ሰፈር ወደ ዕጣው አያስገባውም።

ቆጠራም እንከን የለሽ አይደለም፤ ይህን ባልናገር ሙያዬን እበድላለሁ። ሰው ዕድሜውን 30፣ 35፣ 40 እያለ ያጠጋጋል። ጨቅላ ሕፃናት በየአገሩ ይዘለላሉ። በ1999 የአማራ ክልል ውጤት ከትንበያው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ ፓርላማውን ጭምር አከራክሯል። ትንበያው ይሁን ቆጠራው የሳተው የሚለየው፣ ቆጠራው እንዳለቀ ሌላ ቡድን ናሙና ወስዶ እንደገና ሲቆጥርና ሁለቱን ስም በስም ሲያመሳክር ነው። ስለዚህ ሙሉ ቆጠራ ይካሄድ ስል ይህ ማጣሪያም በጀትና ጊዜ ይመደብለት ማለቴ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ የምርጫ ክልሎች ወሰንም በውጤቱ መሠረት እንዲወሰን ይላል። አራተኛው በ2010 መካሄድ ነበረበት። ደጋግሞ ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለአንድ ዓመት ገፉት፣ ዓመቱም አልፎ ሄደ። ለዚያ ቆጠራ አገሪቱ 149,093 የቆጠራ ቦታዎች ተደርጋ ተከፋፍላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕዝብ የገባባቸው የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አሉ፣ በጦርነቱ ነዋሪዎቹ የተበተኑ ቀበሌዎችም አሉ። ቆጣሪ ከመሰማራቱ በፊት የእነዚህ ቦታዎች ካርታ እንደገና መነሣት አለበት፤ መጠየቅ ያለብንም ከአሁኑ ነው።