ፓኬጅ ሲያልቅ ስልኩ አይሞትም

ዳታ ሲያልቅ ብዙ ሰው ስልኩን ኪሱ ይከትና «በቃ፣ ተቆረጥኩ» ይላል። ሌላው ደግሞ በአቋራጭ ነፃ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከሁለተኛው ልጀምር፤ ሰው የሚጎዳው እሱ ላይ ነውና።

«ቪፒኤን ካለ ፓኬጅ አያስፈልግም።»
ያስፈልጋል። ቪፒኤን አዲስ መንገድ አይከፍትም። ባለው መንገድ የሚያልፈውን መረጃ ሌላ ሰው እንዳያነበው አመስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል ያዞረዋል፣ ሥራው ይኸው ነው። ዳታም ዋይፋይም ከሌለ የሚያዞረው ነገር የለም። እንዲያውም በራሱ ትንሽ ተጨማሪ ዳታ ይበላል። «ነፃ ኢንተርኔት» የሚሉ አፖችን እኔ አልጭንም። የስልክ ማውጫዬንና ፎቶዬን ካላየሁ የሚል ቪፒኤን ምን ፈልጎ ነው?

«ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ነው።»
አይደለም። ዋይፋይ በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ራውተሩ ራሱ ኢንተርኔት ካልመጣለት ምልክቱ ሞልቶም ገጽ አይከፈትም። ደግነቱ፣ ይኸው ነገር ይጠቅመናል። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ስልኮች ያለ ምንም ዳታ በዋይፋይ ፊልም ይላላካሉ። የአይፎኑ ኤርድሮፕና የአንድሮይዱ ኩዊክ ሼር ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ብሉቱዝም ያደርሳል፣ ለትልቅ ቪዲዮ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ካርታ ያለ ዳታ አይሠራም።»
ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በኢንተርኔት ሳይሆን በጂፒኤስ ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ምልክት ይልካሉ፤ ስልኩ ይቀበላል እንጂ ምንም አይመልስላቸውም። የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ካገኘ ቦታውን ያሰላል። ዳታ የሚበላው የካርታው ሥዕል ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ባለበት የምትሄዱበትን አካባቢ ከጎግል ማፕስ ቀድማችሁ አውርዱ። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለው የካርታ አፕ ደግሞ ከመነሻው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። ያለ ዳታ ስልኩ ያለበትን ቦታ መጀመሪያ ሲፈልግ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ አትደናገጡ። የመንገድ መጨናነቅንም አይነግራችሁም።

«አንዴ ያየሁት ስልኬ ላይ አለ።»
እኔም እንዲህ ብዬ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ላይ ባዶ ስክሪን ሳይ ውዬአለሁ። ከፍተን ያየነው ነገር የሚቀመጠው በጊዜያዊ ማከማቻ ነው፤ አፑ ሳይጠይቅ ሊያጠፋው ይችላል። «አውርድ» የሚለውን ካልነካችሁ አለ ብላችሁ አትቁጠሩት። ያወረዳችሁትም ቢሆን ለዘላለም ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ስፖቲፋይ ላይ የወረደ ሙዚቃ መጫወቱን እንዲቀጥል ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኦንላይን መግባት ያስፈልጋል።

«ዊኪፔዲያ ያለ ኢንተርኔት አይነበብም።»
ኪዊክስ የሚባል ነፃ አፕ አለ። ሙሉ ዊኪፔዲያ አውርዶ ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ለብዙ ስልክ ይከብዳል፤ ሥዕል የሌለው ወይም በርዕስ የተመረጠው ይቀላል። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ ያለ ችግር ይገባል።

«ዳታ ከሌለ ማንም አያገኘኝም።»
ጥሪና ቴክስት ዳታ አይፈልጉም። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ በላቲን ፊደል አንድ ቴክስት 160 ፊደል ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ብቻውን 70 መሙላት አያቅተውም።