ራስን የማግለል ፖለቲካ ምንድን ነው? ሴናተር ጄራልድ ናይና እ.ኤ.አ. የ1935 ሕጋቸው

በአሜሪካ ታሪክ ራስን የማግለል ፖለቲካ ሲባል «የሌላ አገር ጦርነት አያገባንም፣ የጦር ቃል ኪዳንም አንገባም» የሚለው አቋም ማለት ነው። ንግድ ይቁም ማለት አልነበረም። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ለኢትዮጵያ ብዙ ዋጋ አስከፍሏታል።

ከዚህ አቋም ዋና ጠበቆች አንዱ ጄራልድ ናይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1892 በዊስኮንሲን ተወለዱ፤ በሰሜን ዳኮታ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆነው ለገበሬዎች ሲሟገቱ ቆዩ፣ በ1925 ሴናተር ሆኑ። ባንክንና ትልልቅ ኩባንያን የማያምኑ ሰው ነበሩ። ስለ ጦርነት የነበራቸው አስተሳሰብም የመነጨው ከዚሁ ይመስለኛል። በ1934 የጦር መሣሪያ ንግድን የሚመረምር የሴኔት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነው የባሩድ ፋብሪካ ባለቤቶቹን ዱፖንቶችንና የባንክ ባለቤቱን ጄ.ፒ. ሞርጋንን ለምስክርነት አቀረቡ። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በኩባንያዎች ሴራ መሆኑን ግን ኮሚቴው ማረጋገጥ አልቻለም። ናይ በዚያ ጦርነት ጊዜ አገሪቱን ይመሩ የነበሩትን ሟቹን ፕሬዚዳንት ዊልሰንን «ዋሽተዋል» ብለው መወንጀላቸው ሴኔቱን አስቆጣ፤ በ1936 መጀመሪያ የኮሚቴው በጀት ተቋረጠ።

ናይ የተሟገቱለት የገለልተኝነት ሕግ ግን ቀድሞ ጸድቆ ነበር። ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1935) የተፈረመው ይህ ሕግ ለተዋጊ አገሮች፣ ለወራሪም ለተወራሪም፣ መሣሪያ መሸጥን ይከለክላል። ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከሁለት ቀን በኋላ ሕጉ በሥራ ላይ መዋሉን አወጁ።

በወረቀት ላይ ሁለቱ ወገኖች እኩል ተከለከሉ። ጣሊያን ግን አውሮፕላኑንም ታንኩንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ዘመናዊ መሣሪያዋን የምታገኘው ከውጭ ነበር። ነዳጅ፣ ቁርጥራጭ ብረትና የጭነት መኪና ደግሞ ከክልከላው ውጪ ነበሩ። ሩዝቬልት ነጋዴዎቹን «እባካችሁ አትሽጡ» ቢሏቸውም ወደ ጣሊያን የሚሄደው የአሜሪካ ነዳጅ ጨመረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ነዳጅ ለመከልከል ሲያመነታም አንዱ ሰበቡ ይኸው ነበር፤ የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካ ትሸጣለችና።

ናይ ለፋሺስቶች ያደሩ ሰው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1938 እንዲህ ያለው ክልከላ ፋሺስቶች የሚደግፉትን አማፂ ይዋጋ የነበረውን የስፔንን ሪፐብሊክ ሲያንቅ ባዩ ጊዜ፣ ለሪፐብሊኩ ይነሣለት ብለው በሴኔት ሐሳብ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው። ተቀባይነት አላገኙም። ለእኛ ያንን ያህል እንኳ አልተሟገቱም። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ የፊልም ኩባንያዎች ሕዝቡን ወደ ጦርነት ይገፋፋሉ ብለው ሲከሱ የአይሁድ ስሞችን እየጠቀሱ ነበርና ስማቸው ጎደፈ፤ በዚህ አልፈርድላቸውም።

ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን በደበደበችበት ዕለት ናይ ፒትስበርግ ውስጥ ጦርነቱን እየተቃወሙ ንግግር ላይ ነበሩ። በማግስቱ ግን ለጦርነት አዋጁ ድምፅ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1944 ምርጫ ተሸንፈው ከሴኔት ወጡ።