የሰሜን ሸዋ ወራሪ አረሞችና የመዳቀል ጠባያቸው፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

እዚህ ላይ ሰሜን ሸዋ የምንለው በአማራ ክልል ያለውን፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነውን ዞን ነው። በኦሮሚያም በዚሁ ስም የሚጠራ ዞን አለ፤ መቀመጫው ፍቼ ነው።

ዞኑ ደጋም ቆላም ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት ይደረሳል፤ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። የመጤ አረም ነገር በአብዛኛው የዚህ የታችኛው ሜዳ ነገር ነው። ቀወት፣ ኤፍራታና ግድም፣ ወዲያ ደግሞ ምንጃር ሸንኮራ ይጠቀሳሉ። በመንዝ ብርዱ ራሱ ዘበኛ ነው።

ተክል ተነስቶ አጋር ፍለጋ አይሄድም። ስለዚህ አንዳንዱ በራሱ ብናኝ፣ ማለትም በአበባው ዱቄት፣ ዘር ይይዛል። የምንጃር ጤፍ፣ ስንዴውም ገብሱም እንዲህ ናቸው። ገበሬው ከራሱ ማሳ የመረጠው ዘር በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ መልክ ይዞ የሚበቅለውም በዚህ ምክንያት ነው። ኑግ ግን ሌላ ነው። የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ከሌላ ኑግ የተሸከመችለት ንብ ካልመጣች ፍሬው ባዶ ይቀራል።

ይህ ልዩነት ለወራሪ አረም ጥናት መነሻ ሆኗል። ኸርበርት ቤከር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1955 እ.ኤ.አ. አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሩቅ አገር ብቻውን የደረሰ ዘር ዘር ሊተካ የሚችለው ራሱን በራሱ ማዳቀል ከቻለ ነው አለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስቴቢንስ የተባለ ሌላ የዕፅዋት ተመራማሪ ሐሳቡን የቤከር ሕግ አለው። ሕግ ማለቱ ትንሽ የበዛ ይመስላል። በእኛ ዞን ሲፈተሽ ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም።

ከሁሉ ብዙ የተጻፈለት ቅንጬ አረም ነው፤ በሳይንሱ ፓርቴኒየም ይባላል። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሐረርጌና በወሎ በግልጽ ታወቀ። እንዴት ገባ ለሚለው ሁለት መልስ አለ። አንዱ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ነው ይላል፤ ይህኛው በሰፊው ይታመናል። ሌላው በኢትዮ ሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በወታደር መኪና ጎማ ነው ይላል። ያም ሆነ ይህ የሸዋ ገበሬ አልጠራውም። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያልፈው መንገድ ለሚጓዝ ዘር ሁሉ የተመቸ ነው።

የአበባው አሠራር አስገራሚ ነው። ትንሿ ነጭ የአበባ ራስ ላይ ዘር የሚይዙት በዳር ያሉት አምስቱ ብቻ ናቸው። መሐል ያሉት ብናኝ ከመስጠት በቀር ፍሬ የላቸውም። አምስት ጥቂት ይመስላል። ግን አንዱ ተክል ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ሺዎች ራስ ያወጣል። አንድ ያማረበት ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር እንደሚሰጥ ይጻፋል። በበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ ዝናብ እስካለ ደግሞ ይደጋግማል። ብናኙን ነፋስ ይወስደዋል የሚሉ አሉ፣ ነፍሳት ነው የሚሉም አሉ፣ ራሱን ያዳቅላል የሚሉም አሉ። ምናልባት ሁሉም በየቦታው እውነት ይሆናል።

ጉዳቱ ላይ ግን ክርክር የለም። የማሽላና የጤፍ ማሳ ያጣብባል። ከብት ከበላው ወተቱ ይመርራል። በእጁ የሚነቅለው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፤ ብናኙ አስም ያለበትን ያስቸግራል። ለዚህ ተብሎ ሁለት ነፍሳት ከውጭ መጥተው ተፈትነዋል፤ አንዷ ቅጠል በል ጥንዚዛ፣ ሌላዋ ግንድ ሰርሳሪ ናት። ፈተናው ቀልድ አልነበረም። ቅንጬ አረም የኑግ ዘመድ ስለሆነ ነፍሳቱ ኑጉንም እንዳይበሉ መረጋገጥ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ወለንጪቲ አካባቢ ተለቀዋል። ወለንጪቲ ደግሞ የምንጃር ጎረቤት ናት።

በአፋር ወሰን በኩል የሚያሰጋው ፕሮሶፒስ ነው። የቤከርን ሐሳብ የሚያፈርሰውም ይኸው ዛፍ ነው። በአብዛኛው የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ንብ ይፈልጋል። ታዲያ እንዴት ወረረ? ብቻውን ስላልመጣ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በመካከለኛው አዋሽ ሰው ራሱ በብዛት ተከለው። አጋሩ አጠገቡ ነበር። ጣፋጭ ፍሬውን ፍየሉም ግመሉም ይበላል፤ ዘሩ በፋንድያ ተጉዞ ይበቅላል። ድንበር የሚሻገረው መንጋ ዘሩንም ያሻግራል።

አቀንጭራ መጤ አይደለም፤ የአገሩ ነው። የቆላ ማሽላን ሥር እየጠባ ይኖራል። በሰሜኑ ማሽላ ላይ የሚታወቀው ሐምራዊ አበባ ያለው ዓይነት ራሱን አያዳቅልም። በዚህ የተነሳ ብዝኃነቱ ሰፊ ነው፤ የተቋቋመውን ማሽላ የሚያጠቃ ዘር ከመካከሉ አያጣም። ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል።

የወፍ ቆሎ፣ ላንታና የሚባለው ቁጥቋጦ፣ በየአጥሩ አለ። ፍሬውን ወፍ ትዘራዋለች፤ ንብ ሲበዛ ፍሬው ይበዛል።

የደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሕር ዛፍ እዚህ ይግባ አይግባ ያከራክራል። ሰው ተክሎ ያበዛው፣ ቤት የሠራ፣ ምጣድ ያሰማ ዛፍ ነውና ወራሪ ለማለት እንቸገራለን።

የመዳቀል ጠባይን ማወቁ ለአረም ዘመቻም ይጠቅማል። ራሱን የሚያዳቅል አረም ከሆነ ማሳው ዳር የተረሳ አንድ ተክል ሁሉን መልሶ ያመጣል። ቅንጬ አረምም ራሱን ያዳቅል ይሆናልና ሳያብብ፣ በጓንት፣ አንድም ሳይቀር ይነቀላል። አጋር የሚፈልገው ፕሮሶፒስ ላይ ደግሞ ርቀው የበቀሉትን ነጠላ ዛፎች ጎረቤት ሳያገኙ መንቀል ይቀድማል። ጥቅጥቅ ካለው ጫካ ይልቅ ቀወት ወሰን ላይ ብቻውን የቆመው ችግኝ አስቸኳይ ነው።