«እባብ ያየ በልጥ በረየ»፦ በልጅነት የታየ ነገር በወሎ ሰው ዓይን

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚወረወረው በፈሪ ላይ ነው። ነግዶ የከሰረ ሰው ሁለተኛ ገንዘቡን ለማውጣት ሲያመነታ፣ በትዳር የተጎዳች ሴት ሽማግሌ ሲላክባት ፊቷን ስታዞር፣ ከፈረስ የወደቀ ሰው ኮርቻ ሲያይ ወደ ኋላ ሲል፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ፈገግ ብሎ ይህን ይተርታል። ትርጉሙም ባጭሩ ይነገራል፦ ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ያንን የሚመስል ነገር ሲያይ ይደነግጣል። ትክክል ነው፤ ግን የምሳሌው ግማሽ ነው። እኔ በተወለድኩበት በወሎ ይህን ምሳሌ ስሰማ ያደግሁት ከልጅነት ጋር ተያይዞ ነው። ሌላውን ግማሽ ልጽፈው የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ምሳሌው የተወለደበትን ቤት እንይ። ልጥ ከእንጨት ላይ ተልጦ የሚወጣ ቅርፊት ነው። ከቃሉ እስከ ባቲ ባለው ቆላና ወይና ደጋ ግራር ሞልቷል፤ የግራር ልጥ እርጥብ ሳለ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ያሰረውን ጠፍሮ ይይዛል። በገጠር ቤት ሲሠራ ማገሩ ከግድግዳው እንጨት ጋር የሚታሰረው በሚስማር ሳይሆን በልጥ ነበር። ስለዚህ በቤት ሥራ ሰሞን ግቢው ሁሉ ልጥ ነው። ተጠቅልሎ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ አጥር ላይ ይሰቀላል፣ የተረፈው ጓዳ ይጣላል። ውጪው ቡናማና ሻካራ ነው፤ ሲረጥብ ያብለጨልጫል፤ አንዴ ከተጠቀለለ እንደተጠቀለለ ይደርቃል። በዚያው ቤት የሣር ክዳን ውስጥ አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት ደግሞ እባብ ይመጣል። በምሽት ማገዶ አምጣ ተብሎ ኩራዝ ይዞ ጓዳ የገባ ልጅ፣ እግሩ ሥር የተጠቀለለ ነገር ሲያይ ምንነቱን የሚለይበት ፋታ የለውም። ይበረያል፤ ማለትም ደንብሮ ይሸሻል። ልጥና እባብ በአንድ ጣራ ሥር የሚገኙበትን ቤት ያላየ ሰው ምሳሌውን የተጋነነ አድርጎ ይሰማው ይሆናል፤ ለዚያ ቤት ሰው ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነበር።

ዐረቦችም «እባብ የነደፈው ገመድ ይፈራል» የሚል ምሳሌ አላቸው። አንዱ ከሌላው መዋስ ያለበት አይመስለኝም፤ ሁሉም በየአገሩ የሚያስርበትን ነገር ከእባቡ ጎን አስቀምጦታል። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። የዐረቦቹ ሰው ተነድፏል፣ የእኛው ያየ ብቻ ነው። እኔ የምሳሌው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ልጅ ብዙ ጊዜ ክፉው ነገር በራሱ ላይ አይደርስበትም፤ የሚያየው በወላጆቹ ፊት ላይ ነው። እናቱ ሞሰቡን ከፍታ ቶሎ ስትከድን ያያል። አባቱ ከደጅ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጎረቤት ጋር ሲማከር ያያል። ማንም ምንም አልነገረውም፤ ያየው ግን አብሮት ያድጋል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት በረሃቡ ዘመን ልጅ የነበሩ ወሎዬዎች ናቸው፦ የ1965 እና የ1966ቱ፣ ከዚያም ሁላችንም «ሰባ ሰባት» ብቻ እያልን የምንጠራው።

ደሴ ውስጥ አንዲት እናት አውቃለሁ። በ1965 ዓ.ም. ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። የዛሬ ኑሯቸውን ያየ ሰው ችግር ያውቃሉ አይልም፤ ልጃቸው ደመወዝተኛ ነው፣ ቤታቸው የብሎኬት ነው፣ ገበያው ቅርብ ነው። ሆኖም ከአልጋቸው ሥር እህል የሞላ ኩንታል ጠፍቶ አያውቅም። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ ከድርቆሹ የሚረግፈው ፍርፋሪም ይለቀማል። ምራታቸው በመጀመሪያ ንፍገት መስሏት ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ ገበያው እኮ ደጃችን ነው፤ ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ገበያውማ ያኔም ነበረ፤ የሚገዛበት ነው የጠፋው» አሏት። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሳቅ ብሎ ምሳሌውን ተረተ።

ሳቁ አላስደሰተኝም። እኚህ እናት በአንድ አረፍተ ነገር የተናገሩት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ከዓመታት በኋላ የደረሱበትን ነው። በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን የ1965–66ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር፣ በአገር ደረጃ የተመረተው እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም ዋጋው ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ የሚበላውም የሚገዛበትም አብሮ ነው የጠፋው። ያን ጊዜ ትንሽ የነበሩት ልጅ እህል የተቆለለበት ገበያ መሐል ባዶ እጃቸውን የቆሙ ወላጆቻቸውን አይተዋል። ከዚያ በኋላ «ገበያው ቅርብ ነው» የሚል ቃል ሌላውን ሰው እንደሚያጽናና እሳቸውን አያጽናናም። አልጋ ሥር ያለው ኩንታል ንፍገት አይደለም፤ ፍርሃት ብሎ ማለፍም ማሳነስ ነው።

ከሰማይ ጋርም እንዲሁ ነው። በብዙው የወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይጠበቃል። በልጉ ከቀረ የበልግ አዝመራው ይቀራል፤ በቆላውም ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ በወቅቱ አይዘራም፤ የከብቱም መኖ ይጠፋል። በመጋቢት አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል የቢሮ ባልደረባው «ደስ የሚል ቀን ነው» ይላል። ከደላንታ ወይም ከመቄት የመጣው ሰው አንጋጦ ያይና መልስ አይሰጥም። ሁለቱ የሚያዩት ሰማይ አንድ ነው። አንደኛው ግን በልጅነቱ የጠራ ሰማይ ቤተሰቡን ምን እንዳደረገ አይቷል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሰፈራው ነገር ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተወሰደ። ወድዶ የሄደ ነበር፤ እርዳታ ይታደላል ተብሎ ከተሰበሰበበት የተጫነም ነበር፤ በዚያ ግርግር ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ተለያይተዋል። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር ሲጀመር፣ የሚረዱ ቤተሰቦችን ስም ለመጻፍ መዝጋቢዎች አንድ የአምባሰል ቀበሌ ገቡ። መመዝገብ ከሚገባቸው አንዱ ጎልማሳ ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ጠፍቶ ዋለ። የሚያገኘው እህል ነበር፤ የሸሸው ግን ከእህሉ ሳይሆን ከመዝገቡ ነው። በልጅነቱ መዝገብ ይዘው የመጡ ሰዎች ታላቅ ወንድሙን ወስደውት አልተመለሰም። መንደሩ ለዓመታት «እባብ ያየ» እያለ ይጠራው ነበር፤ ለምን እንደሚሸሽ የጠየቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የሥነ ልቦና ሳይንስ ይህን መንገድ በቤተ ሙከራ ሄዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካዊው ጆን ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ይዘው ሙከራ አደረጉ። ሕፃኑ ነጭ አይጥ አይፈራም ነበር። አይጡን ሲያሳዩት ከጀርባው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት፤ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ብረቱ ሳይመታም አይጡን ሲያይ ያለቅስ ጀመር። ቀጥሎ ጥንቸል አቀረቡለት፣ አለቀሰ። ውሻም፣ የጸጉር ካፖርትም አስደነገጠው። አይጡ እባቡ ነው፤ ካፖርቱ ልጡ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሕፃን ላይ አይፈቀድም፤ ያኔም መደረግ አልነበረበትም። የእኛ አገር ገበሬ ደግሞ ማንንም ሳያስለቅስ፣ የራሱን ቤት አስተውሎ ያንኑ ነገር በአራት ቃል አስቀምጦታል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የክፉው ወገን ነው። ምሳሌው ግን የሚገለበጥም ነው፦ እባብ ያላየ ልጥን ልጥ ብሎ ያያል። ወሎ ለዚህም ምስክር አላት። በወሎ ብዙ ቤት አጎት ሙስሊም፣ አክስት ክርስቲያን ናቸው። ድግስ ሲደገስ ሁለት ይታረዳል፤ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል፣ ድስቱም ማብሰያውም ለየብቻ ይሆናል። ልጁ ማን ከየትኛው ሥጋ እንደሚበላ የሚያውቀው ሃይማኖት ምን እንደሆነ ከማወቁ በፊት ነው። ልዩነቱን ያየው በጥል ሳይሆን በመስተንግዶ ነው። የታመመ ሲጠየቅ «አብሽር» የሚለውን ቃል ከክርስቲያን አፍም ይሰማል። እንዲህ ያደገ ሰው ሌላ አገር ሄዶ የማያውቀው ስም ሲሰማ አይበረይም፤ ዕድሜውን ሙሉ የእንግዳ ስም ከድግስ ጋር ነው የሚመጣበት።

ይህ ግን ክፉ ቀን ሳይታይ ቀርቶ የተገኘ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አቅራቢያ ባለችው ቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት ጉባኤ ተደርጎ፣ ከዚያ ወዲህ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታወጀ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም የወሎ ንጉሥ ሆኑ፤ ሼህ ጦልሃን የመሰሉ ደግሞ እምቢ ብለው ታገሉ። በእምነት ስም የሚመጣ ግድ ምን እንደሚመስል የወሎ አባቶችና እናቶች በዓይናቸው አይተዋል። ሁሉንም ለልጆቻቸው ማውረስ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ልጆቻቸውን ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚቀመጥበት የቡና ረከቦት ዙሪያ አስቀመጧቸው። ይህ በራሱ የመጣ ነገር ተደርጎ ሲወራ ቅር ይለኛል። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ዋጥ አድርጎ፣ ለልጁ የሚታየውን መርጦለት የተሠራ ነው።

ለዚህ ነው የአሁኑ ልጆች ነገር የሚያሳስበኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ብዙ ልጅ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ሸሽቷል፤ የቀረውም አልጋ ሥር ገብቶ ያን ድምፅ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ የክረምት ነጎድጓድ ነጎድጓድ ብቻ አልሆነላቸውም። በር በነፋስ ሲዘጋ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ አይቻለሁ፤ አንድ አዋቂም «እባብ ያየ» ብሎ ሲስቅበት ሰምቻለሁ። በልጅ ላይ ሲሆን ይህ ሳቅ ጭካኔ ነው።

የተዘራ ድንጋጤ ይነቀላል ወይ ለሚለው መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ይዛ ሞከረች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን በሩቁ አሳየችው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አቀረበችው። አላስገደደችውም፣ አልሳቀችበትም። በመጨረሻ ልጁ በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ጥንቸሉን ይዳስስ ጀመር። የወሎ አባቶችም በደቦ ቤት ሲሠሩ ልጥ የማቀበሉን ሥራ ለልጆች የሚሰጡት ያለ ምክንያት አልነበረም እላለሁ። በቀን ብርሃን፣ አዋቂ ባለበት፣ ቆሎና ጠላ በሚዞርበት ግቢ ውስጥ እጃቸው ልጡን ይለምደዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ሲከፈት ደቡብ ወሎ ውስጥ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ያደረገውን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ትንንሾቹ ጠረጴዛ ሥር ይገቡ ነበር። እሱ ደወሉን አላስወረደውም። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹን ወስዶ ቸርኬውን በመዳፋቸው አስነካቸው፤ በማግስቱ በእንጨት ቀስ ብለው እንዲመቱት አደረገ፣ በኋላም በብረቱ። የማይፈልገውን ልጅ «አብሽር፣ ነገም ቀን ነው» ብሎ አሳለፈው። አንድ ወር ሳይሞላ ጠዋት ጠዋት ደወሉን ማን ይምታ በሚል ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ወዳጄም የተራ ዝርዝር ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ።