መኖሪያ ሰፈር ወደ ንግድ ቀጠና ሲለወጥ፦ ተቃውሞን የሚያበላሹ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቆየ መኖሪያ ሰፈር መሃል አንድ ይዞታ ወደ ንግድ ቀጠና ይለወጥልኝ የሚል ማመልከቻ ሲቀርብ ጎረቤት ሁሉ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ጉልበቱን በማይረባው ክርክር ላይ ስለሚጨርስ ነው።

«የምትመጣው እኮ አንዲት ትንሽ ካፌ ናት»

እውነታው፦ አመልካቹ የሚያወራው ስለ ካፌ ነው፤ የከተማው ምክር ቤት የሚያጸድቀው ግን ቀጠናውን፣ ማለትም መሬቱ ለምን ለምን አገልግሎት መዋል እንደሚችል የሚወስነውን ምድብ ነው። ቀጠና የሚከተለው መሬቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ካፌው ቢዘጋና ቦታው ቢሸጥ፣ አዲሱ ባለቤት በቀጠናው ከተፈቀዱት አገልግሎቶች የፈለገውን ያለ ሌላ ስብሰባ ሊከፍት ይችላል፤ መጠጥ ቤትም ሆነ የመኪና እጥበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የቀጠናውን ደንብ አግኝቶ የተፈቀዱትን አገልግሎቶች ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነው። ትልቁን የሕንፃ ከፍታ፣ ከአጥር ወሰን መራቅ ያለበትን ርቀት፣ የሥራ ሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩንም መዝግቡ። ከዚያ ማመልከቻው በሚታይበት ስብሰባ ላይ ይህን ጠይቁ፦ ከዝርዝሩ ውስጥ ለሰፈሩ የከፋው አገልግሎት እዚህ ቢከፈት ትስማማላችሁ? አመልካቹ «እኔ እንዲህ ያለውን አልሠራም» ካለ፣ ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ ቃሉ በጽሑፍ ሰፍሮ ከይዞታው ጋር እንዲመዘገብ ጠይቁ። የቃል ተስፋ መሬቱ በተሸጠ ማግስት ዋጋ የለውም።

«ብዙ ፊርማ የሰበሰበ ያሸንፋል»

እውነታው፦ ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ሺህ ፊርማ ቅሬታ መኖሩን ከማሳየት አያልፍም። ክብደት ያለው የአዋሳኝ ባለይዞታዎች ፊርማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር የታተመው ሞዴል የቀጠና ሕግ፣ በለውጡ ክልል ውስጥ ካለው ወይም ከሚያዋስነው መሬት የ20 በመቶው ባለቤቶች በጽሑፍ ከተቃወሙ፣ ለውጡ የሚጸድቀው በሦስት አራተኛ ድምፅ ብቻ እንዲሆን ያደርግ ነበር። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ወስደዋል፤ አንዳንዶቹ በኋላ ቀይረውታል። በምትኖሩበት ቦታ ተመሳሳይ ድንጋጌ ካለ አፈጻጸሙን በጥንቃቄ እዩ። መቶኛው የሚሰላው በሰው ብዛት ሳይሆን በመሬት ስፋት ሊሆን ይችላል። የጋራ ይዞታ ከሆነ አንዱ ብቻ ቢፈርም ላይቆጠር ይችላል፣ የተከራይ ፊርማም እንዲሁ። በካርታው ላይ ካለው ስም ጋር የማይመሳሰል ፊርማም ውድቅ ሊደረግ ይችላል።

«መንገዱ ይጨናነቃል፣ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» ማለት ይበቃል

እውነታው፦ የቤት ዋጋው ጉዳይ በገማች ባለሙያ ካልተደገፈ ተውት። የመንገዱ ግን በቁጥር ሊቀርብ ይችላል። በትራፊክ መሐንዲሶች በተለመደው ስሌት አንድ ራሱን የቻለ መኖሪያ ቤት በቀን 9 ወይም 10 ገደማ የመኪና ጉዞ ይፈጥራል። ደንበኛው ከመኪናው ሳይወርድ የሚስተናገድበት ፈጣን ምግብ ቤት ግን ለእያንዳንዱ 93 ካሬ ሜትር የወለል ስፋት በቀን ከ450 በላይ። አመልካቹ «አብዛኞቹ ድሮም በመንገዱ የሚያልፉ መኪኖች ናቸው» ብሎ ቁጥሩን ይቀንሳል። ይህ ለዋናው መንገድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በመግቢያው በር ላይ ግን ሁሉም ይታጠፋሉ። ክርክራችሁን እዚያ በር ላይ አድርጉ። የራሳችሁን ቆጠራም አቅርቡ፦ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋትና ማታ ጭንቅንቅ ባለበት ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው።

ስለ ድምፅ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የመኪናው ብዛት በእጥፍ ቢያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ጆሮ እምብዛም አይለየውም፣ የአመልካቹ ባለሙያም ይህንኑ ያውቃል። የሌሊት ጭነት ማራገፍ፣ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር፣ የኩሽና ጭስ ማውጫና ወደ መኝታ ቤት የሚገባ መብራት የተሻለ ያስኬዳሉ።

«በስብሰባው ቀን ሄደን እንናገራለን»

እውነታው፦ ያኔ የከተማው ፕላን ባለሙያዎች ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት የድጋፍ ወይም የተቃውሞ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ አልቋል። የጽሑፍ ተቃውሟችሁ ሪፖርቱ ከመዘጋቱ በፊት ይድረስ፤ መሪ ፕላኑ ለዚያ ቦታ የሚለውን አንቀጽ ቃል በቃል ጥቀሱ። በስብሰባው ለአንድ ሰው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው፤ አሥር ሰው አንዱን ነገር ከሚደጋግም አንዱ መንገድ፣ አንዱ ፍሳሽ፣ አንዱ መሪ ፕላኑን ይያዝ። ለይግባኝ የሚጠቅመውም በቃለ ጉባኤው የሰፈረው ነው። በስብሰባው ያልተነሳ ነጥብ ፍርድ ቤት ላይ እንደ አዲስ ላይሰማ ይችላል።

«አመልካቹ ማመልከቻውን መልሶ ከወሰደ ነገሩ አለቀ»

እውነታው፦ በብዙ ደንቦች ውድቅ የተደረገ ማመልከቻ በድጋሚ እንዳይቀርብ የተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል። ሽንፈት የሸተተው አመልካች ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ማመልከቻውን ራሱ መልሶ ይወስደዋል፤ እንዲህ ሲሆን የጥበቃው ጊዜ ላይሠራ ይችላልና ከጥቂት ወራት በኋላ ተቀይሮ ይመለሳል። የቆጠራውን ሰነድና የአዋሳኞቹን ፊርማ አስቀምጡ፣ ማስታወቂያ የሚለጠፍበትንም ቦታ በየወሩ የሚያይ ሰው መድቡ።