«ፒዲኤፉን ላክልኝ» እና ሌሎች ሐዋሳ ላይ የሚሰሙ አባባሎች

መናኸሪያ አካባቢ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ልጁ ሚሞሪ ካርዱን በጥፍሩ ፈልቅቆ አውጥቶ ሰጠ። ባለሱቁ ኮምፒውተሩ ላይ እየሰካ «አዲስ ነው የድሮ?» አለው። «ቀላቅልልኝ።» ብዙም ሳይቆይ የስንቱ ድምፃዊ ልፋት ኪሱ ገባ፤ የተከፈለው ግን ባለሱቁ ብቻ ነው። እኔም አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ እንዲህ ነበርኩ፤ ስለዚህ ለመፍረድ አይደለም የምጽፈው።

«ኢንተርኔት ላይ ከወጣ የሁሉም ነው።» አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ወጥ (ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ፣ የራሱ የደራሲው ፈጠራ) ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ባለቤት አለው፤ ማስመዝገብ እንኳ ግዴታ አይደለም። የደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ቴሌግራም ላይ መለቀቁ ይህን አይሽረውም።

«ስሙን ጠቅሻለሁ እኮ!» የጎረቤትን በሬ «የእገሌ ነው» እያሉ ጠምዶ ማረስ እንደ ማስፈቀድ አይቆጠርም። ሕጉ ምንጭ ጠቅሶ ቀንጨብ አድርጎ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ስካን አድርጎ መልቀቅ ግን ጥቅስ አይባልም።

«ቪዲዮ ላይ የገባው ዘፈን ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ነፃ ነው።» አዋጁ ውስጥ እንዲህ ያለ የሰከንድ ልክ የለም። ዩቲዩብ ላይም ኮንቴንት አይዲ የሚባለው ሥርዓት ድምፁን ራሱ አመሳክሮ ይለያል፤ ባለመብቱ ቪዲዮውን ሊያሳግደው ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ወደ ራሱ ሊያዞረው ይችላል።

በተቃራኒው «መቅዳት ሁሉ ወንጀል ነው» የሚሉም አሉ፤ በተለይ አስተማሪዎች። ይህም ልክ አይደለም። ግለሰብ ለራሱ መገልገያ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ማድረግ ይችላል፤ ሙሉ መጽሐፍ ሲሆን ግን አይፈቀድም። ብዙ ሺህ አባል ላለው ግሩፕ መልቀቅን ደግሞ «ለራሴ ነው» ማለት አያስኬድም።

የሚያናድደኝ «ደራሲው ምን ይጎድልበታል?» የሚለው ነው። ፒያሳ መጽሐፍ የሚሸጥ ወዳጄ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለ አንዷ ተማሪ መጽሐፍ አነሳች፣ ጀርባውን አነበበች፣ ሽፋኑን በስልኳ ፎቶ አንስታ መለሰችው። «ፒዲኤፉን እፈልጋለሁ» አለች፣ ምንም ሳታፍር። ብዙ ደራሲ እኛ አገር ማተሚያ ቤት የሚከፍለው ከኪሱ ወይም ተበድሮ ነው። መጽሐፉን ለሻጭ በዱቤ ይሰጣል፣ ሲሸጥ ይተሳሰባሉ። የመጀመሪያው እትም ካልተሸጠ ሁለተኛውን በምን ያሳትማል?

ባለፈው የሰፈራችን ልጅ በንዴት ጨሶ መጣ። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ሐይቁን ሲመሽ የቀረፀውን ቪዲዮ ሌላ የቲክቶክ ገጽ ስሙን ቆርጦ ለጥፎታል። «የት ነው የሚከሰሰው?» አለኝ። ቪዲዮው ላይ ያስገባውን ዘፈን ማንን አስፈቅዶ እንዳመጣው ጠየቅኩት። ሳቀ።