የጦርነት አትራፊ ምንድን ነው?

ለአንዳንድ ሰው የጦርነት ወሬ ሠርግና ምላሽ ነው። እናት ልጇን እያለቀሰች ስትሸኝ እሱ ሒሳብ ይሠራል። የጦርነት አትራፊ የምንለው ይህን ሰው ነው። ግን በጦርነት ጊዜ ዳቦ የሚጋግረውም፣ ጫማ የሚሰፋውም ገንዘብ ያገኛል። እነሱን በዚህ ስም መጥራት ግፍ ነው። ሰውየው የሚታወቀው እርቅ ሲወርድ ነው። ዳቦ ጋጋሪው በሰላሙም ቀን ይሸጣል። የጦርነት አትራፊ ግን ያን ቀን ገበያው ይዘጋበታል። ስለዚህ እርቁ ባይወርድ ይመርጣል።

አታላዩን መለየት አይከብድም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነጋዴዎች ከቡትቶ የተጨመቀ ጨርቅ ዩኒፎርም ሰፍተው ለሠራዊቱ ሸጡ። ዝናብ ሲያገኘው ወታደሩ ላይ ተበጣጠሰ። ኮንግረስ በ1863 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መንግሥትን በሐሰት ሒሳብ የሚያጭበረብሩትን የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ሕጉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

አስቸጋሪው ሕግ ሳይጥስ የሚያተርፈው ነው። ባሲል ዛሃሮፍ የተባለው የጦር መሣሪያ ሻጭ ስሙ የሚነሣው በዚህ ነው። በ1880ዎቹ ይሠራለት የነበረው ድርጅት ለግሪክ አንድ ሰርጓጅ መርከብ ሸጠ። ከዚያ ለባላንጣዋ ለቱርክ ሁለት ሸጠ። የአንዱ ግዢ ሌላውን ያስፈራል፤ የፈራ ደግሞ ይገዛል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ እንዲህ ያሉትን «የሞት ነጋዴዎች» ይላቸው ጀመር። ከ1934 እስከ 1936 በሴናተር ጄራልድ ናይ የሚመራ የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴም ጉዳዩን መረመረ።

ሰውየው ማታ ተኝቶ እንዴት ያድራል? ለእኔ ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ በ1997 የተላለፈ አንድ የሳይንስ ልቦለድ ድራማ ነው። «ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» አምስተኛው ሲዝን ውስጥ «ቢዝነስ አዝ ዩዥዋል» የሚል ክፍል አለ።

ባለታሪኩ ኳርክ በጠፈር ጣቢያ ላይ መጠጥ ቤት አለው። ዘሩ ፌሬንጊ ነው። ቃሉ ጆሯችሁ ላይ አዲስ ካልሆነ እውነታችሁን ነው፤ እኛ «ፈረንጅ» ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ለፌሬንጊ ትርፍ ማለት ሃይማኖት ነው። 285 የትርፍ ሕጎች አሏቸው። ቁጥር 34 «ጦርነት ለንግድ ጥሩ ነው» ይላል። ቁጥር 35 ደግሞ «ሰላም ለንግድ ጥሩ ነው»። ኳርክ እስከዚያ ቀን የኖረው በሁለቱ መሃል ነው። ከዚያ ከሰረ። ዘመዱ ጌይላም መጣና ሃጋት ከሚባል የጦር መሣሪያ ነጋዴ ጋር ሥራ አስያዘው።

ሥራው ንጹሕ ይመስላል። ጣቢያው ላይ ምስልን እውነት አስመስሎ የሚያሳይ ክፍል አለ። ደንበኛው እዚያ ገብቶ ጠመንጃውን አንሥቶ ይሞክረዋል። ክፍሉ ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ እውነተኛ መሣሪያ ስላልገባ ሕግም አልተጣሰም። ከኳርክ የሚፈለገው ምግብ፣ መጠጥና ጥሩ ፊት ብቻ ነው። ሲያቅማማ ጌይላ መስኮት ጋ ወስዶ ከዋክብቱን ያሳየዋል። ከዚህ ሁሉ ብርሃን አንዱ ቢጠፋ ትለየዋለህ ወይ? ብዙ ገንዘብ ብሰጥህ አንዷን ለማጥፋት አታግዘኝም ወይ? እዚህ ላይ ሁሌ ሰውነቴን ይቀዘቅዘኛል። ሰው ከሩቅ ሲያዩት ነጥብ ነው። ነጥብ ደግሞ እናት የለውም።

የጣቢያው ጸጥታ ኃላፊ ኳርክን ሊያስር ሲል የጣቢያው ባለቤት የሆነው የባጆር ሕዝብ መንግሥት አስለቀቀው። ባጆሮች በወራሪ ሥር ሳሉ መሣሪያ ያቀበላቸው ሃጋት ነበርና። ይህን ቀላል አድርጌ ማለፍ አልችልም። እኛም አድዋ ላይ በ1896 ያሸነፍነው ከአውሮፓ ነጋዴዎች በተገዛ ጠመንጃ ጭምር ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ እንኳ በ1887 ከታጁራ ጠመንጃ አስጭኖ ሸዋ ድረስ መጥቶ ለምኒልክ ሸጧል። የተወረረ ሕዝብ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ መግዛቱም ነውር አይደለም። ባለውለታ ግን ሌላ ነው። ሃጋት ባጆሮችን የረዳው ስለከፈሉት ነው፤ ወራሪያቸውም ቢከፍለው ይሸጥለት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የፓላማር ገዢ መጣ። 28 ሚሊዮን ሰው መግደል እንደሚፈልግ በግልጽ ተናገረ። ኳርክ ደነገጠ። ገሚሱን ማቁሰል ብቻ አይበቃም ወይ ብሎ ጠየቀ። አሁንም ዋጋ ሊያስቀንስ የሚከራከር ነጋዴ ነው፤ ሌላ ቋንቋ አልነበረውም። የሚወዳት ጓደኛው ጃድዚያ ዳክስ ፊቷን አዙራበታለች። ሌሊት ደግሞ ሙታኑ በሕልሙ መጡበት። ነጥቦቹ ፊት አወጡ።

ኳርክ ጠመንጃ አላነሣም። ገዢውንና የገዢውን ጠላት፣ ጄኔራል ናሱክን፣ አንድ መጋዘን ውስጥ አገናኛቸው። ሃጋትና ጌይላም እዚያው ነበሩ። ከሩቅ ሲሸጡት የኖሩት ተኩስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላታቸው ላይ ጮኸ። ገዢው ሞተ፤ ሁለቱ ነጋዴዎች ነፍሴ አውጪኝ ብለው ሸሹ። መጋዘኑ ላይ ለደረሰው ጉዳት እንዲከፍል የተጠየቀው ኳርክ ነው።